በአሥራ ስምንተኛው ናሙና ያለቀ ወርቅ

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጂኦኬሚስትሪ እንደደረሳት ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ተነገረ። ዘመድ አዝማዱም መጀመሪያ እልል አለ፣ ቀጥሎ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። ነገር በግማሹ መስማት የማትወደው አክስቷ፣ «ኬሚስትሪውስ ይሁን፤ ጂኦው ምንድን ነው?» አለች። ልጅቷም ድንጋይና አፈር ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ፣ ከየት እንደመጣና ውሃ ወዴት እንደሚወስደው የሚያጠና ትምህርት ነው ብላ አስረዳቻት።

«አራት ዓመት ሙሉ ድንጋይ?» አለች አክስት። «ታዲያ እሱን አባትሽስ ያውቀው የለ?»

እውነቷን ነው፣ አባትየው ያውቀዋል። እዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው ትምህርት ክፍል፣ ምድር ቤት ውስጥ ባለው የመፍጫ ክፍል ስንት ዓመት ድንጋይ ሲፈጭ የኖረ ሰው ነው። ተማሪና መምህር ከመስክ ያመጡትን ተቀብሎ ይሰባብራል፣ እንደ ዱቄት ያልማል፣ በትንንሽ ከረጢት አድርጎ ቁጥር ይጽፍበታል። በአንዱና በሚቀጥለው ናሙና መካከል ንጹሕ ነጭ አሸዋ ይፈጫል፤ ማሽኑ ውስጥ የቀረው የፊተኛው ብናኝ ከኋለኛው ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ከዚያ በአየር ቧንቧ ይነፋል፣ በብሩሽ ይጠርጋል፣ ደግሞ አንድ ጊዜ ይነፋል። ይህቺ የመጨረሻዋ በመመሪያው ላይ የለችም፣ የራሱ ጭማሪ ናት። በሩ ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፦ «ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር አውልቆ መግባት ግዴታ ነው።» አንድ ፕሮፌሰር ሰዓታቸውን እንዳሰሩ ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይ ገትሮ አቁሟቸው፣ «ሰዓቱ ይቅር ወይስ እርስዎ ይቅሩ?» ብሏቸዋል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። ተማሪዎቹ ጋሽ አቧራ ይሉታል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም። ከሥራ ሲወጣ ሽማግሌ ነው፣ ሲታጠብ ጎልማሳ ይሆናል።

ልጅቷ ታፍርበት ነበር። ይህን ነገር አለሳልሶ መናገር ይቻላል፤ እሷም ለራሷ ብዙ ጊዜ አለሳልሳዋለች። እኔ ግን ምን አስዋሸኝ? ልጅ ሳለች አንድ ቀን ልታየው ግቢ ሄዳ፣ ነጭ ሆኖ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሁለት ተማሪዎች ከኋላው አረማመዱን እያስመሰሉ ሲሳሳቁ አይታ ነበር። ያን ቀን ሳትጠራው ተመልሳ ሄደች። ለመመዝገብ አንድ ቀን ሲቀራት ደግሞ ቁርስ ላይ እንዲህ አለችው፦

«አባዬ፣ ግቢ ውስጥ እንደማንተዋወቅ ብንሆንስ? በአባቷ ነው የገባችው እንዳይሉኝ ብዬ ነው።»

አባቷ የያዘውን ዳቦ ወደ አፉ ሳያደርስ ትንሽ ቆየ። «ልክ ነሽ» አለ፤ ከዚያ ጎረሰ። እናትየው በወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናዋን እየነዳች ስለነበር አልሰማችም።

ቃሉን ከእሷ ይልቅ እሱ አጥብቆ ጠበቀ። ሌላውን ተማሪ ሁሉ አንተ፣ አንቺ፣ አንተ ዝንጉ፣ አንቺ ቀልቃላ እያለ ሲያሾር፣ እሷን ብቻ አንቱ ይላታል። «ከረጢቱን እዚህ ያስቀምጡት፣ እህቴ» ይላል፤ ዓይኑን ግን አያሳርፍባትም። ይህ ነገር ደግሞ ባሰ። ሬዲዮ የሚሏት ጓደኛዋ፣ አፏ የማይዘጋ ጥሩ ልጅ፣ አንድ ቀን ክፍል ሙሉ ሰው ፊት፣ «ጋሽ አቧራ ፕሮፌሰሩን ገትሮ አቁሞ አንቺን አንቱ የሚልሽ ቀለበትሽን አይቶ ነው እንዴ?» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ እሜቴ ሆኖ ቀረ። ልጅቷም ስሙን አልጠላችውም። አባትሽ ምን ይሠራል ሲሏት «ማዕድን ላይ ነው» ትላለች። ውሸት አይደለም ብላ ራሷን ታጽናናለች፤ የሰማው ሰው ግን ትልቅ መኪናና ትልቅ ቢሮ ነው የሚታየው።

ቀለበቱ የእናቷ ነው። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ አብዛኛውን የምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ልጇ ዩኒቨርሲቲ የገባች ሰሞን መሳቢያዋን ከፍታ አንዲት የድሮ የመድኃኒት ቆርቆሮ አወጣች፤ ቀለበቱ ጥጥ ውስጥ ተጠቅልሎ እዚያ ተቀምጧል። ካገባች ወዲህ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያደረገችው፤ ሦስቱንም ቀን አለ የለም ስትል ጣቷን ስትዳብስ ዋለች። «አባትሽ ምንም ሳይኖረው ወርቅ ነው ያሰረልኝ» አለች። «የኔ ጣት መርፌና ሳሙና የለመደ ነው፣ ያበላሸዋል። አንቺ አድርጊው፤ ብቻ አደራ።» አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርግ ነበር። ቀና ብሎ አላየም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ የመስክ ሥራ መጣ። ልጅቷና አራት ጓደኞቿ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ አርባ ቦታ ቆፍረው አርባ የአፈር ናሙና አመጡ። የቡድኑ መሪ እሷ ናት። አፈሩ ደርቆ በወንፊት ይነፋል፣ የላመው ወደ መፍጫ ክፍል ይሄዳል፣ ከዚያ ሩቅ ወዳለ ቤተ ሙከራ ይላካል። ዶክተሯ፣ ያስተማረቻቸው ወጣት መምህርት፣ አርባዎቹ ናሙናዎች በቦታቸው ቅደም ተከተል እንዳይነፉ፣ በዕጣ እያወጡ እንዲነፏቸውና የዕጣውን ተራ ደብተር ላይ እንዲጽፉ አዘዘች። «ክፍሉ ውስጥ የምትሠሩት ስህተት ከመሬቱ እውነት ጋር እንዳይምታታብን ነው» አለቻቸው።

የሚነፉበት ቀን የልጅቷ ካፖርት ኪስ ተቀዶ ነበር። ሌላ ቀን ቀለበቱን አውልቃ ኪሷ ትከተዋለች፤ ያን ቀን ግን ይወድቅብኛል ብላ ፈራችና ጓንቱን ከላይ አጠለቀችበት። የመጀመሪያውን ናሙና በደህና ነፋች። ሁለተኛው ላይ የወንፊቱ ሽቦ ጓንቱን ቦጨቀው። የጓንቱን ሳጥን ብታይ ባዶ ነው።

«ጋሽ አቧራ ጋ ካርቶን ሙሉ አለ፣ ሂጂና አምጪ» አለቻት ሬዲዮ።

«ተይው ባክሽ፤ ማን ይወርዳል አሁን።»

መውረዱ አልነበረም የከበዳት። ወርዳ እንግዳ መስላ መቆሙ፣ «እርስዎ» መባሉ፣ አመሰግናለሁ ብሎ እንደ ባዳ ማጎንበሱ ነው። በባዶ እጇ፣ ቀለበቷን እንዳደረገች፣ አፈሩን ወንፊቱ ላይ እያሸች ቀጠለች። ሠላሳኛው ላይ ሲደርሱ አባቷ የተነፋውን ሊወስድ ትሪ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆመና እጇን አየ። አፉን ከፈተ።

«ጋሽ አቧራ፣ እሜቴን ደግሞ ምን ሊሏት ነው?» አለች ሬዲዮ እየሳቀች።

«ምንም» አለ። «ይቀጥሉ።» ትሪውን ይዞ ወረደ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። ከአርባው ናሙና በአሥራ ሰባቱ ወርቅ አለ! መጠኑ ትንሽ ነው፤ ከቢሊዮን እጅ ቢበዛ ጥቂት መቶ። ግን ሰው ስላልጠበቀው ኮረብታ ይህን ያህል ማለት ብዙ ነው። ክፍሉ በአንድ እግሩ ቆመ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ለደስታ የማይዘገዩ ሰው፣ በዚያው ዕለት ለበላያቸው ነገሩ፤ የቡድኑ ፎቶም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እናትየው ዩኒፎርም ሊያስለካ ለመጣ ሁሉ፣ «ልጄ እኮ ወርቅ አገኘች» እያለች የወገብ ልክ አሳሳተች።

ዶክተሯ ብቻ አልሳቀችም። ውጤቱን ካርታ ላይ ስታሰፍረው ወርቁ እዚህ አለ፣ አጠገቡ የለም፣ ራቅ ብሎ ደግሞ አለ፤ እንደ ኩፍኝ ተበትኗል። ከወርቅ ጋር መገኘት የሚገባው አርሴኒክ ድምፁ የለም። «ወርቅ ብቻውን አይሄድም» አለች። «ብቻውን ከመጣ ሰው ነው ያመጣው።» ከልጅቷም የዕጣውን ደብተር ጠየቀች። ደብተሩ ቤት ነው አለች ልጅቷ። እውነትም ቤት ነበር።

ኃላፊው ግን ደብተር የሚጠብቁበት ትዕግሥት አልነበራቸውም። ወርቅ አገኘን ብለው ለበላያቸው የተናገሩ ሰው አሁን ተሳሳትን ሊሉ ነው፤ ያሳሳታቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። በነጋታው ቡድኑንና ዶክተሯን ቢሯቸው ሰበሰቡ። ጋሽ አቧራም ተጠራ። ወንበር ሞልቶ ስለነበር ቆመ።

«በናሙናዎቹ መካከል አሸዋ ፈጭተሃል?» አሉት።

«ፈጭቻለሁ።»

«በሁሉም መካከል?»

አባቷ ወለሉን አየ። «ሰው ነኝ» አለ። «ልሳሳት እችላለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ?» አለች ዶክተሯ ደንግጣ። ሌሎቹም ተያዩ። በሩ ላይ ፕሮፌሰር የሚያቆም ሰው ልሳሳት እችላለሁ ሲል መስማት ለጆሮ አይመችም።

ኃላፊው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺ መሪያቸው ነሽ። ይህን ሰው ሲሠራ አይተሽዋል። እንዴት ያለ ሰው ነው?»

ቀለበቷ ጭኗ ሥር ነው፤ ስትቀመጥ እጇን ለምን እንደደበቀች በዚያ ሰዓት እንኳ ራሷን አልጠየቀችም። አባቷ አያያትም። ሬዲዮ ታያታለች። ከአፏ የወጣው እንዲህ የሚል ነው፦

«ሰውየውን ብዙም አላውቀውም።»

ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሰኞ ጀምሮ ጋሽ አቧራ መፍጫ ክፍሉን አስረክቦ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል፤ መጥረጊያና ወንበር ያድላል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ አለቀ። «እሺ» አለና ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ልጅቷ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ምድር ደግሞ እንዲህ ሲሏት አትሰማም።

የዚያን ዕለት ቤቷ ስትገባ በቀጥታ ወደ ደብተሩ ሄደች። ውጤቱን ከኮረብታው ቁጥር አውጥታ በዕጣው ተራ፣ በነፉበት ቅደም ተከተል ደረደረችው። የመጀመሪያው ባዶ። ሁለተኛው አራት መቶ አሥር። ሦስተኛው ሦስት መቶ ዘጠና። እያለ እያለ ይወርዳል። አሥራ ሰባተኛው ዘጠኝ፣ አሥራ ስምንተኛው ሁለት። ከአሥራ ዘጠነኛው እስከ አርባኛው አንድም የለም። አባቷ የፈጨበት ተራ ሌላ ነው፤ እሱ በከረጢቱ ቁጥር ነው የሚፈጨው። በእሱ ተራ ብትደረድረው ምንም መልክ አይኖረውም። ወርቁ የመጣው ከወንፊቱ ነው፣ ጓንቱ ከተቀደደበት ደቂቃ ጀምሮ። የመጣው ከእሷ ጣት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን አንድ ሐፍረት ነበር። ግን ለምን አለቀ? እውነተኛ ወርቅ ቢሆን አርባኛው ድረስ ይፋቃል። ቀለበቷን አወለቀችና በመስኮቱ ብርሃን አዟዟረችው። በመዳፏ በኩል ያለው ጎኑ ቀልቷል፤ የበር እጀታ ይመስላል። ነሐስ ነው። ወርቁ ከላዩ የተቀባ ነበር፤ ቅቡ አሥራ ሰባት ናሙና አዳረሰና አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት መፍጫ ክፍል ወረደች። በሦስት ዓመት ውስጥ ብቻዋን ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። አባቷ ብሩሾቹን በየመጠናቸው እያሰረ ነበር፤ የሚያስረክባቸው። ሲያያት ወደ በሩ ተመለከተ፣ ማንም አለመኖሩን ለማየት።

«ማንም የለም አባዬ» አለችው። በዚህ ብቻ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምነው?»

«በዕጣው ተራ ደረደርኩት።»

አባቷ ብሩሹን አስቀመጠ። «እኔም ደርድሬዋለሁ» አለ። «የትኛው መቼ እንደደረሰኝ መዝገቤ ላይ አለ። ውጤቱ የመጣ ዕለት ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ቀለበቴንም በሩ ላይ ሆነህ አይተሃል!»

«አይቻለሁ። ሌላ ተማሪ ቢሆን እጁን ነበር የምመታው።» የብሩሾቹን ክር አጠበቀ። «እንደማንተዋወቅ እንሁን ብለሽኝ የለ? ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ያ የኔ ጥፋት ነው። በኋላ ደግሞ... ቁጥሩ አሥራ ስምንት ላይ ሲቆም፣ ከዶክተሯ በፊት እኔ ነኝ ያወቅኩት። ቀለበቱን እኔ እኮ ነኝ የገዛሁት።»

«ታውቅ ነበር? ያኔውኑ?»

«ሱቁ ውስጥ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ወርቅ፣ አንዱ ቅብ። መልካቸው አንድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እቀይረዋለሁ አልኩ፣ በሚቀጥለው ደግሞ አንቺ መጣሽ። እናትሽ ደግሞ ወርቅ ነው ብላ ለሰው ሁሉ ነገረች። ጥጥ ውስጥ አስገባችው። ጥጥ ውስጥ ከገባ በኋላ በምን አፌ?» አቧራውን ከእጁ አራገፈ፤ አልለቀቀም። «ሰኞ ግምጃ ቤት እገባለሁ፣ አለቀ። አንቺም ዝም በይ። እናትሽ እንዳትሰማ።»

እዚህ ላይ ልጅቷ የተሰማትን ልደብቅላት እችል ነበር። ቀለላት። አዎ፣ ቀለላት! አባቷ ዝም በይ ካለ፣ ዝም ማለት መታዘዝ ሆነ፤ እሜቴም እሜቴ ሆና ትቀጥላለች። ደረጃውን ወጥታ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ነው መቅለሉ ራሱ ያሳፈራት።

እሑድ ዕለት እናትየው የአባትየውን አዲስ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። «ከአቧራው ሊገላግሉኝ ነው፣ ንጹሕ ሥራ ሰጡኝ» ብሏታል። ደስ ብሏታል ሴትዮዋ፤ ለሳልህም ጥሩ ነው ብላዋለች። ልጇን ስታይ ካውያውን አቆመችና ጉንጯን ሳመቻት።

«አንቺ ነሽ አይደል የተናገርሽለት? አውቄያለሁ። አሁን እዚያ ቃልሽ ይሰማል» አለቻት።

ልጅቷ አቀረቀረች። እናቷ ማቀርቀሯን ለትሕትና ቆጥራላት ሸሚዙን ወደ መተኮስ ተመለሰች። ያ መሳም ጉንጯ ላይ እስከ ማግስቱ ድረስ ቆየ።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ሙሉ ነበር። ዶክተሯ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ልጅቷ ተነስታ ጠመኔ ጠየቀች። አርባውን ቁጥር በዕጣው ተራ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ስለቸኮለች የጻፈችው 7 ሁሉ 1 ይመስላል። ጓንቱ የት እንደተቀደደ አሳየች። ቁጥሩ ለምን እንደሚወርድ፣ ለምን አሥራ ስምንት ላይ እንዳበቃ ተናገረች። ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ወርቅ ቅብ ነው» አለች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ይህ የሚያሳፍራት መስሏት ነበር፤ ከሚቀጥለው ጋር ሲተያይ ግን ምንም አልነበረም። «መፍጫ ክፍሉ ምንም ጥፋት የለበትም። ጋሽ አቧራ... ጋሽ አቧራ አባቴ ነው። ሰውየውን አላውቀውም ያልኩት አባቴን ነው።»

ሬዲዮ ዝም አለች። በሦስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻላት ነበር።

ዶክተሯ ሰሌዳውን እስከ አርባኛው ካነበበች በኋላ፣ «ቁጥሩን በደንብ አንብበሽዋል» አለች። «ባለፈው ሳምንት ብታነቢልን ጥሩ ነበር።» የልጅቷ ሥራ ተሰረዘ፤ አርባውን ጉድጓድ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትቆፍራለች፣ ከታናናሾቿ ጋር። ፎቶው ከሰሌዳው ወረደ። ኃላፊው ለጋሽ አቧራ ቁልፉን መልሰው ሲሰጡት ይቅርታ የሚለውን ቃል አልተጠቀሙም፤ «እንግዲህ ቀጥል» ነው ያሉት።

ከሰዓት በኋላ አባቷ ግቢው በር ላይ ጠበቃት። አዲሱ ሸሚዝ ገና ከአሁኑ አቧራ ለብሷል። አመስግኖ ያቅፈኛል ብላ ከሆነ ተሳስታለች።

«ዝም በይ ብዬሽ ነበር» አላት።

«አልቻልኩም።»

«አሁን ለእናትሽ ማን ይነግራታል?» ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ልጅቷ አጠገቡ፣ እኩል እርምጃ ሄደች። እሱ ግን ከልማዱ የተነሳ ሁለቴ ወደ ኋላ ቀረት አለ፤ ሁለቴም ቆማ ጠበቀችው።

እናትየው የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። አባትየው እጁን ሳይታጠብ፣ ቆሞ ተናገረ። ያለአንዳች ማሳመሪያ ተናገረ፤ ለዚህስ አደንቀዋለሁ። ቀለበቱ ወርቅ እንዳልሆነ፣ ሲያስርላትም ያውቅ እንደነበር፣ በቀለበቱ ሰበብ ናሙና እንደተበላሸና እሱ ተወንጅሎ ከክፍሉ ሊወጣ እንደነበር። የእናትየው እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ቀለበቱን ከልጇ ተቀብላ የቀላውን ጎን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«በእህቴ ሠርግ አላደረግኩትም» አለች። «ግፊያ ነው፣ ይወልቅብኛል ብዬ። የልጄ ልደት ፎቶ ላይ ጣቴ ባዶ ነው። ነሐስ ነው ብትለኝ ኖሮ... በየቀኑ አደርገው ነበር እኮ። ልብስ ሳጥብም፣ ስሰፋም፣ ምንም ቢሆን አላወልቀውም ነበር።»

«አፈርኩ» አለ አባትየው።

«ሃያ አራት ዓመት?»

«በየዓመቱ እየባሰብኝ ሄደ።»

እናትየው ቀለበቱን ጣቷ ላይ ልታስገባ ሞከረች፤ መገጣጠሚያዋ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ጣቷ ከሠርጓ ወዲህ ወፍሯል። ተወችውና ድንገት ሌላ ነገር ትዝ እንዳላት ቀና አለች።

«ቆይ። አንተን ሲወነጅሉህ አንድ ሰው እንኳ አልተናገረልህም? እዚያ ቤት ስንት ዓመት ሠርተህ?» ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺስ? አንቺ አልነበርሽም?»

«አልነበረችም» አለ አባትየው ቶሎ ብሎ። «ትምህርት ላይ ነበረች። አልሰማችም።»

አንዱን ውሸት ገና አራግፎ ሳይጨርስ ሌላውን ለእሷ ሲሸከምላት ነው። ልጅቷ አየችው። መሬት መሬት ያያል፤ ቢሮው ውስጥ እንዳየው። ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃ ነበር፣ እናቷም ባመነቻት።

«ነበርኩ፣ እማዬ» አለች። «እንዴት ያለ ሰው ነው ብለው ጠየቁኝ። አላውቀውም አልኳቸው።»